ቤት ከመሸጤ በፊት ሰባት መስኮት አስጠገንኩ

ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ጋብ ብሏል። ደላላው አንድ ገዢ ይዞ መጣ። ቤቱ ጅማ መንደራ ያለው የአባታችን ቤት ነው። ሦስት ልጆች ነን። እንሸጠው ብለን ተስማምተናል፣ የውርሱም የካርታውም ጉዳይ አልቋል። ሰውየው ግቢውን ዞረ። የቡናውን ዛፍ ነካ ነካ አደረገ። ቆርቆሮውን አንጋጦ አየ። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ ሳሎን ገባና «እስቲ ትንሽ አየር እናስገባ» ብሎ መስኮቱን ገፋ።

አልከፈት አለው።

በመዳፉ መታው። በትከሻው ገፋው። በሦስተኛው መስኮቱ ጓ ብሎ ተከፈተና የላይኛው መስታወት ከነስቱኮው ወልቆ ውጪ ድንጋዩ ላይ ተከሰከሰ። ሰውየው ሳቀ። ደላላውም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «መስኮቱ እንዲህ ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ምን ይኖራል?» አለና እዚያው ቆሞ ከተነጋገርነው ዋጋ ላይ 300,000 ብር ቀንሱልኝ አለ። አልተስማማንም። ሄደ።

ያቺ መስታወት ብትገዛ ሺህ ብር አትሞላም። ግን ቤቱን በሙሉ አሳጣችብን።

ከዚያ ወዲያ አምስት ወር መስኮት መስኮት ስል ከረምኩ። ሦስት ዓይነት ባለሙያ ዘንድ ሄጃለሁ፤ አሉሚኒየም ቤት፣ ብረታ ብረት ቤትና አናጢ። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ሂርማታ ገበያ ላይ ተያይተን ሰላም መባባላችን አይቀርም።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፣ ከውስጥም ከውጪም በሲሚንቶ የተለሰነ። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ የምንኖርበት እሱ ስለነበር ቀረልን። መስኮቶቹ የዋንዛ ናቸው። ከውስጥ ባለ መስታወት፣ ከውጪ የሳንቃ መዝጊያ። አባታችን በየሁለት ዓመቱ ቀለም ያስቀባቸው ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልነካቸውም። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ክረምቱም አልወጣ ይላል። አሥር ዓመት ቀለም ያላየ እንጨት እዚህ አገር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው። ታሪኩን በስልክ ስነግረው አንድ ቃል አለኝ፤ «አሉሚኒየም»። ታናሽ እህቴም በቪዲዮ ብቅ ብላ «አሉሚኒየም ይሻላል፣ ዘመናዊ ነው፣ ገዢ ይስባል» አለች። ሁለቱም ብር ይልካሉ እንጂ ቆመው አያሠሩም። እሺ ብዬ አሉሚኒየም ቤት ሄድኩ።

የመጣው ልጅ ጨዋ ነው። ሰዓቱን አክብሮ መጣ፣ በቀይ ጨረር የሚለካ መሣሪያ ይዟል። በሃያ ደቂቃ ሰባቱንም ለካ፤ ተደምሮ 8.4 ካሬ። በካሬ 11,000 ብር አለኝ፣ 92,400 ብር ማለት ነው። ዋጋው አላስደነገጠኝም፣ እንደሱ ሰምቼ ነበር የሄድኩት። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። «አሮጌውን መቃን ማን ያወጣዋል?» ስለው «እናንተ ታስወጣላችሁ፣ እኛ ባዶ ቦታ ላይ ነው የምንገጥመው» አለኝ።

የጭቃ ቤት የምታውቁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። መቃኑ ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር በሚስማር ተመትቷል። እሱን ስትነቅል ቋሚው ይነቃነቃል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ጭቃውም አብሮ ይወርዳል። አንድ ግንበኛ ጠይቄ ለሰባቱ መስኮት ዙሪያ ልስንና ማስተካከያ ብቻ 25,000 ብር ነገረኝ። ያውም ቀለም ሳይቀባ። በብሎኬት የተሠራ ቤት ቢሆን ኖሮ አሉሚኒየሙን አስገባው ነበር። አይነፋም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቀለም አይጠይቅም። ልጁም ሥራውን የሚያውቅ ይመስላል። ለእኛ ቤት ግን ልክ አልነበረም።

ብረታ ብረት ቤቱ ላይ አጭር እሆናለሁ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያበግነኛል። ለሙከራ የማድ ቤቱን አንድ መስኮት በ9,500 ብር ሰጠኋቸው፣ ግማሹን ቀብድ። ነሐሴ ላይ ይዘውት መጡ። በወርድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አጥሯል። «ችግር የለም» አሉና ክፍተቱን በሲሚንቶ ሞሉት። ብየዳው ላይ ፀረ ዝገት ሳይቀቡ ነው የላይ ቀለሙን ያለበሱት። ገና መስከረም ሳይጠባ ከየብየዳው ሥር ቀይ እንባ መውረድ ጀመረ። ስደውል «ዝናብ ነው እኮ እትዬ» አለኝ አንዱ። መስኮት ዝናብን ካልቻለ ለምን ይሠራል? ቀሪውን ግማሽ ሂሳብ ግን ከፍዬ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ቀለሙ ገና ሲያበራ ከፈልኩ።

አሁን ወደ አናጢው።

ሂርማታ አካባቢ ካሉት እንጨት ቤቶች አንዱ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ የጅማ በርጩማ ተደርድሯል፣ ባለ ሦስት እግሩ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበው። ከውስጥ የአልጋ እግር፣ የሰው ቁም ሣጥን፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ፍቅፋቂ። ባለቤቱ ስድሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። የሄድኩት ሐምሌ ላይ፣ ብረት ቤቶቹን ከማግኘቴ በፊት ነበር። ሥራ ይሰጠኛል ብሎ ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ባዶ እጄን መለሰኝ። «አሁን አልነካልሽም ልጄ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። እስኪዘጋ ድረስ ከላግሁት ታኅሣሥ ላይ ጣትሽን ታስገቢበታለሽ። ጥቅምት ነይ» አለ።

ተናደድኩ። ቤት የሚሸጥ ሰው ሦስት ወር ጠብቅ ሲባል ምን ይሰማዋል? ወደ ብረት ቤቱ የሮጥኩትም በዚህ ንዴት ነው። ኋላ ግን ሳስበው ትክክል ነበር። እንጨት በእርጥበት የሚሰፋው በወርዱ ነው፣ በቁመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም። ክረምት ላይ የነፋውን ጠርዝ ካነሳህለት፣ በጋ ላይ ሲሰበሰብ ክፍተቱ ይቀራል። ይህን ሳይነግረኝ ሥራውን ተቀብሎ ብሬን መውሰድ ይችል ነበር።

ጥቅምት ሲገባ መጣ። የያዘው አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው። ሜትር እንኳ አላወጣም። ከመስኮት መስኮት እየሄደ የታችኛውን አግዳሚ በካቻቢቴው ጫፍ ይወጋል። ጠንካራ ሲሆን ጫፉ ይንሸራተታል። የበሰበሰ ሲሆን እንደ ዳቦ ይገባል። የገባበትን በጠመኔ ያሠምራል። እኔ ከኋላ ከኋላው ነኝ። ከሰባቱ የአራቱ የታች አግዳሚ ተሠመረ። የላይኞቹና የጎኖቹ በሙሉ ደህና ናቸው። «ቀለሙ ነው እንጂ ያረጀው እንጨቱ ገና ነው» አለኝ። እኔ ሰባቱንም የሞቱ አድርጌ ነበር የቆጠርኳቸው።

ከዚያ ያሳየኝን ነገር ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቢያየው እወድ ነበር። ውጪ ወጣንና ከመስኮቱ ደፍ ሥር እጄን እንዳስገባ ነገረኝ። እርጥብ ነው። ከላይ ፀሐይ መቶታል፣ ከሥሩ ግን ግድግዳው ድረስ እርጥብ። ውሃው ደፉን ይሞላና ከጠርዙ በመንጠባጠብ ፈንታ ሥር ሥሩን ተንሸራቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ልስኑ የተነፋው፣ የሳሎኑ ግድግዳ ጥግ ላይ ሻጋታ የወጣው ለካ ከዚህ ነው! እኛ ዓመቱን ሙሉ ጣራውን ስንጠረጥር ኖረናል። መፍትሔው ደግሞ ቦይ ነው። ከደፉ ሥር፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በመሮ ዳር እስከ ዳር የእርሳስ ውፍረት የምታክል መስመር ቆፈረ። ውሃው እዚያ ሲደርስ መሻገር አቅቶት ጠብ ይላል። በጆግ ውሃ አፍስሶ አሳየኝ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አጎንብሼ ስንት ደቂቃ እንዳየሁት አላውቅም። ጎረቤቴ አጥር ላይ ሆና «ምን ጠፋሽ?» አለችኝ።

የበሰበሱትን አራት አግዳሚዎች ሙሉ በሙሉ አልቀየራቸውም። የሞተውን ክፍል ቆርጦ በዋንዛ ቅጣይ ተካው። መጋጠሚያውን ቀጥ አድርጎ አልቆረጠውም፣ ወደ ውጪ አዘንብሎ ነው፣ ውሃ እንዳያቁር። የላሉትን ማጠፊያዎች ደግሞ እንደ እኛ ወፍራም ብሎን ፍለጋ አልሄደም። ብሎኑን አወጣ፣ ቀዳዳውን ኮላ በነካ ስንጣሪ ሞላ፣ ያንኑ ብሎን መልሶ አሠረው። ጥርስ የሌለው ቀዳዳ ጥርስ አወጣ።

አሁን ደግሞ ወቀሳ። ሰውየው ቀጠሮ አያውቅም። ሦስት ቀን ያለው ሥራ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። አንድ ቀን ለቅሶ፣ አንድ ቀን ሠርግ፣ ሁለት ቀን ስልኩ ዝግ። በእነዚያ ሁለት ቀን የመኝታ ቤቱ መስኮት ወልቆ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ እኔ ከወባ ትንኝ ጋር ስታገል አደርኩ። ረዳቱ ልጅ ድንጋይ የሆነውን አሮጌ ስቱኮ ሲፈለፍል ሁለት መስታወት ሰበረ። አንዱን እነሱ ከፈሉ፣ አንዱን እኔ፤ ይሄ እንኳ ደህና ነው። ቀለም ቅብ ግን አትስጡት። አይችልም። ማጠፊያውንም፣ መቀርቀሪያውንም፣ የመስታወቱን ዳር ዳርም አንድ ላይ ቀብቶ ሄደ። ሁለት ቅዳሜ በምላጭ ስፍቅ ዋልኩ። ደረሰኝ የሚባል ነገርም የለውም፣ ሂሳቡን የጻፈልኝ በሳንቃ ቁራጭ ላይ ነው። ቁራጩ አሁንም አለኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን እኔና እሱ ተጣልተናል፣ አልጸጸትም። አሮጌውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቅ ተነሳ። አስቆምኩት። እኔ የአካባቢ ጤና ነው የተማርኩት፣ እዚሁ ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይባል ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ ሕፃናትን ነው አብልጦ የሚጎዳው። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ የሚል ደንብ የወጣው በ2010 ነው። የእኛ መስኮት ቀለም ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ተደራርቧል። ስለዚህ ውሃ እየነካችሁ ፈትጉ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ የጎረቤት ልጆች እዚህ ግቢ አይግቡ አልኩ። ጋሼ «አርባ ዓመት ስፍቅ ምንም አልሆንኩም» አለ። እንግዲያው አርባ አንደኛው ዓመት ላይ ውሃ ትነካለህ አልኩት። እያጉረመረመ ነካ። ረዳቱ ልጅ ግን ደስ አለው፣ አቧራው አላስነጠሰውም።

ሂሳቡ ይኸው። እንጨትና የእጅ 21,000 ብር። የእኔ ድርሻ ሁለት መስታወት፣ የተከሰከሰችውን ጨምሮ፣ 1,600። ስቱኮ፣ ማጠፊያና መቀርቀሪያ 4,150። ቀለም 6,800። በድምሩ 33,550 ብር። አሉሚኒየሙ ከነልስኑ 117,400 ነበር። ሲሶው አይሞላም። ወንድሜ ቁጥሩን ሲሰማ ዝም አለ። ብዙ ጊዜ ዝም አይልም።

ደላላችን ግን እስከ መጨረሻው አላመነበትም። «እህቴ፣ መንደራ ሰው የሚገዛው ቦታ ነው። ነገ አፍርሶ ፎቅ ይሠራበታል። መስኮት ላይ ያፈሰስሽው ብር ከሰረ» ይለኝ ነበር። ግማሽ እውነት አለው። አፍርሶ ሊሠራ ለሚመጣ ሰው መስኮት አሳዩም አላሳዩም ያው ነው። ቦታው ሰፊ፣ መንገድ ዳር የሆነ ቤት ያላችሁ እሱን ስሙት፣ አንድ ብር አታውጡ። የእኛ ግን ገባ ያለ ነው፣ ቦታውም ጠባብ። የሚገዛው ሊኖርበት የሚመጣ ሰው ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ባልና ሚስት መጡ። ባል ከደላላው ጋር ስለ ካርታ ያወራል። ሚስት ዝም ብላ ክፍል ለክፍል ትዞራለች። ሰባቱንም መስኮት ከፈተች፣ ሰባቱንም ዘጋች። አንድ በአንድ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል፣ ሌላው ቀጭ ይላል። ሰባተኛው ላይ ትንፋሼን ዋጥኩ። ተመልሳ መጣችና ስለ መስኮት አንድ ቃል ሳትናገር «ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» አለችኝ። ለወጉ ያህል 50,000 ብር ቀነስን፣ ተስማማን። መስኮቱ ነው የሸጠው ማለት አልችልም። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ማንም መስኮት አልጠቀሰብኝም።

ለማን ልምከረው? ቤታችሁ የጭቃ፣ መስኮታችሁ የዋንዛ ወይም የዝግባ ከሆነ፣ ካቻቢቴ ይዛችሁ የታች አግዳሚውን ራሳችሁ ውጉት። ጫፉ ከአንድ ሁለት ቦታ በላይ ካልገባ አናጢ ጥሩ፣ አትቀይሩ። ከላይም ከጎንም ከገባ ግን ጥገና ብር ማባከን ነው። ወሩን ጠብቁ፣ ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው። ቀብድ ከሲሶ በላይ አትስጡ። ቀለሙን ለቀለም ቀቢ ስጡ። እና እኔ የሄድኩበት አናጢ ዘንድ የሚሄድ ካለ፣ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ በሦስት አባዙት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ቅጣይ ሲገባ ጋሼ «ይሄ እንጨት ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰብና መቀርቀሪያው ቦታውን ይስታል። መጥቼ አስተካክለዋለሁ» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩት። ስንቱ ባለሙያ ነው መጥቼ አያለሁ የሚለው። ቤቱ ተሸጠ፣ ቁልፉን አስረከብኩ፣ ነገሩን ረሳሁት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገዢዋ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ግራ የተጋባ ነው። አንድ ሽማግሌ መላጊያ በብብቱ ይዞ መጥቶ፣ የመኝታ ቤት መስኮት ላይ እዳ አለብኝ ብሎ፣ ሠርቶ፣ ገንዘብ ስትሰጠው አልቀበልም ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ አለችኝ። «ማን ነው ሰውየው?» አለች። ነገርኳት።

«ትናንት በልጁ ልኮብኝ ነበር» አለችኝ፤ «ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ።»

«ስንት ሰዓት መጣ?»

«አምስት ተኩል።»

እሱ ነው አልኳት።